ማርሚታ በልክ

ሞተር መቀየር የመካኒክ ሥራ ነው፤ የተቀየረውን ሞተር ጭስ በመኪናው ሆድ ሥር አሳልፎ ወደ ኋላ ማውጣት ግን የበያጅ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ በገርጂ፣ በጉርድ ሾላ፣ በቦሌ ሚካኤልና በሲኤምሲ ዙሪያ ባሉ ጋራዦች ሁለቱ ባለሙያዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የሚሰጣቸው ግምት ግን እኩል አይደለም። ሞተር ያስቀየረ የሚኒባስ ባለቤት ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ፍሪሲዮኑ ሲጠይቅና ሲከራከር ይሰነብታል። ማርሚታው ላይ ሲደርስ ግን ገንዘቡም ትዕግሥቱም አልቋል፤ «እንደምንም አገናኙልኝና ልውጣ» ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን የመጨረሻ ሰዓት ሥራ ነው፤ በተለይ ሚኒባሱ ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ሊያድርበት ላሰበ ሰው።

ካምፐር የሚባለው፣ መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና በከተማችን ገና ብርቅ ነው። የራሴን ላሠራ የሚል ሰው ግን ከምን እንደሚነሳ አይቸገርም። ቶዮታ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያመርተው ሃይኤስ በየታክሲ ተራው አለ፤ መለዋወጫው በሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የማያውቀው መካኒክም የለም። ያረጀውን ጥሎ አዲስ መግዛት ደግሞ ለብዙው ሰው የማይታሰብ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አካሉ ደኅና የሆነ አሮጌ መኪና ሞተሩ ሲደክም ሌላ ሞተር ይገባለታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። 2ኤል የሚባለው 2,446 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ወጥቶ 1ኬዜድ የሚባለው 2,982 ሲሲ ባለ ቱርቦ ሞተር ገባ እንበል። የአሮጌው ሞተር ጭስ ከማኒፎልዱ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ይወርድ ነበር። የአዲሱ ግን መጀመሪያ ቱርቦውን አዙሮ በሌላ ቦታ፣ በሌላ አቅጣጫ፣ በሌላ ዓይነት ፍላንጅ ይወጣል። የድሮው ቧንቧ አፍና የአዲሱ ሞተር አፍ አይገናኙም። ለዚህ ጥምረት ተሠርቶ በሱቅ የሚሸጥ ማርሚታም የለም። መኪናው ላይ እየተለካ መሠራት አለበት።

በቅድሚያ የሚለካው የቧንቧው ስፋት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሙሉ ይዘቱን ይተነፍሳል። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር 2ኤል ቢበዛ 3,669 ሊትር አየር ይስባል። 1ኬዜድ ያለ ቱርቦው እንኳ 4,473 ሊትር ይደርሳል፤ ቱርቦው ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ይህ አየር ተቃጥሎ፣ በመቶዎች ዲግሪ ግሎ ሲወጣ መጠኑ ከእጥፍ በላይ ይለጠጣል። ይህን ሁሉ ጭስ ለትንሹ ሞተር በተሠራ ቧንቧ ማስወጣት አዲሱን ሞተር ማነቅ ነው። ከሁለት ኢንች ወደ ሁለት ተኩል ኢንች መሄድ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ የጭሱን መንገድ ግን በ56 በመቶ ያሰፋዋል።

ከፍታችንም መታሰብ አለበት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱን ያጣል። ሽቅብ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ ናፍጣ መኪና አንዱ ችግሩ ይኸው ነው፤ ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ ኦክስጅን አያገኝም። ባለ ቱርቦ ሞተር የሚፈለግበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ያስገባል። ቱርቦውን የሚያዞረው ግን የሚወጣው ጭስ ስለሆነ፣ ከበስተኋላው የታፈነ ቱርቦ ጉልበት አይሰጥም፤ ከመጠን በላይም ይግላል። «ማርሚታ ትንሽ ካላፈነ ሞተር ጉልበት የለውም» የሚለው አባባል ለባለ ቱርቦ ናፍጣ ፈጽሞ አይሠራም። በቤንዚን ሞተር ላይ የእውነት ጭላንጭል አለው፤ እዚያም ቢሆን የሚጠቅመው የጭሱ ፍጥነት ነው እንጂ መታፈኑ አይደለም።

አሁን ከመኪናው ሥር እንግባ። ጥሩ በያጅ ቧንቧ ከመቁረጡ በፊት ወፍራም ሽቦ ያነሳል። ከቱርቦው አፍ ጀምሮ በካምቢዮው ጎን፣ በሻንሲው ውስጥ፣ ከነዳጅ ታንከሩ ርቆ፣ ከኋላ አክሱሉ በላይ እስከ መከላከያው ድረስ ሽቦውን እያጠፈ የቧንቧውን መንገድ ይቀርጻል። ከዚያ ቧንቧውን ያጥፋል። ዘመናዊው ማጠፊያ በቧንቧው ውስጥ ድጋፍ አስገብቶ ስለሚያጥፍ ክቡ አይጨፈለቅም። ይህ በሌለበት ቦታ ቧንቧው ደረቅ አሸዋ ተሞልቶ፣ ሁለት ጫፉ ተደፍኖ፣ በጋዝ እሳት እየጋለ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ሌላው ዘዴ ቧንቧውን በሰያፍ ቁራጭ በቁራጭ ቆርጦ ማዕዘን እያስያዙ መበየድ ነው። ሦስቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው፣ ባዶውን ቧንቧ ጉልበት ላይ አስደግፎ ወይም በመዶሻ እየመቱ ማጠፍ ነው፤ የውስጥ ጎኑ ይጨማደድና ሁለት ተኩል ኢንች የተገዛው ቧንቧ መታጠፊያው ላይ አንድ ተኩል ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ርካሽ ነው ተብሎ ዚንክ የተነከረ የውኃ ቧንቧ ለማርሚታ መዋል የለበትም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በብየዳ ነበልባል ደግሞ ነጭ ጭስ ሆኖ ይተናል። ያንን ጭስ የተነፈሰ በያጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ጥቁሩ የብረት ቧንቧ ይሻላል፤ አቅም ካለ አይዝጌው ከሁሉም ይበልጣል። በኤሌክትሪክ ብየዳ ከመጀመሩ በፊትም የባትሪው ገመድ ይነቀል። እንደ አንዳንዱ 1ኬዜድ ናፍጣው በኮምፒውተር በሚመጠን ሞተር ላይ በአንድ የብየዳ ብልጭታ የሚቃጠለው ዕቃ ከጠቅላላው የማርሚታ ሥራ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ድምፅ የሚገድለው የማርሚታው ሆድ ከላሜራ ይሠራል። በውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ቧንቧና ክፍሎች አሉ፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ይደክማል፣ ወይም ዙሪያውን የታጨቀው የመስታወት ቃጫ ይውጠዋል። ለቱርቦ ናፍጣ ጭሱን ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፈው ሁለተኛው ዓይነት ይመረጣል፤ ቱርቦው ራሱ ድምፁን ስለሚሰብረው ጩኸቱ አይበዛም።

ማርሚታ የሚበላው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ቧንቧው ስለሚግል እንፋሎቱን ያወጣዋል። ጠዋት ከሰሚት ቦሌ፣ ማታ ከቦሌ ሰሚት ብቻ የሚል መኪና ግን ውኃውን ዝቅ ያለው ቦታ ላይ አጠራቅሞ ይውላል፤ ዝገቱም እዚያው ይጀምራል። ስለዚህ ቧንቧው ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ የሆዱ መጨረሻ ላይም ጠባብ የውኃ ማንጠባጠቢያ ይበሳ።

ሞተር በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ሲነሳም ሲጠፋም ይወዛወዛል፤ ቧንቧው ደግሞ ከወለሉ ጋር ታስሯል። በሁለቱ መካከል ተጣጣፊው ቧንቧ ካልገባ፣ ብየዳው ምንም ቢጠነክር ወይ ፍላንጁ ይሰነጠቃል ወይ ማኒፎልዱ። ማንጠልጠያውም የጎማ እንጂ ድርቅ ያለ ብረት አይሁን። ቧንቧው ከፍሬን መስመርና ከነዳጅ ቱቦ ይራቅ፤ መራቅ በማይችልበት ቦታ የላሜራ ጋሻ ይደረግበት። ከሻንሲው በታችም አይንጠልጠል፤ የቦሌ አራብሳን ኮብልና የየሰፈሩን ፍጥነት መቀነሻ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቢጓደል ኪሳራው ገንዘብ ነው። የሚቀጥለው ግን ሕይወት ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ሞተው ሲገኙ ሰምተናል። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በመኪና ጭስ ውስጥም አለ። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ በደም ውስጥ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያዛል። ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ያወጣል፤ ሰው ለተኛበት ጠባብ ክፍል ግን ያ ማነስ ዋስትና አይሆንም። በሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር፣ ቧንቧው ከአልጋው ሥር ነው። ወለሉ ለውኃና ለኤሌክትሪክ መስመር ተበስቶ ካልተደፈነ፣ የፍላንጅ ጋስኬት አንድ ቦታ ቢተነፍስ ጭሱ ወደ ላይ መንገድ አለው። የጭሱ መውጫም በተንሸራታቹ በር ወይም በመስኮት ሥር አይሁን፤ ከኋላ መከላከያው አልፎ ይውጣ። እየሄደ ያለ መኪና ከኋላው አየር ስለሚያዞር፣ የኋላ በሩ ጎማ ካረጀ የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል።

ባሌ ተራሮች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሳነቴ አምባ አካባቢ የሚያድር ሰው ሌሊቱ ሲከብደው ሞተር አስነስቶ ልሙቅ ማለቱ አይቀርም። ኦክስጅኑ በሳሳበት በዚያ ከፍታ ትንሹ መርዝ እንኳ ይበረታል። ስለዚህ ሰው በተኛበት ሞተር አይነሳ፤ ብርድ ልብስ ይደረብ።

ወረቀቱንም አይርሱ። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ፤ ሞተሩ ሲቀየር ቁጥሩም በሕጋዊ መንገድ መቀየር አለበት።

ሥራው አለቀ ሲባል ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ያስነሱ። በያጁ በጓንት እጁ እርጥብ ጨርቅ ይዞ የጭሱን መውጫ ለአፍታ ይዝጋ፤ እርስዎ በመኪናው ርዝመት እየሄዱ ያዳምጡ። የሚያፏጭ ቦታ ካለ ብየዳው ይደገም። አልጋው ከተዘረጋ በኋላም በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከትራስዎ አጠገብ ይስቀሉ፤ እዚህ ካላገኙት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያምጣልዎ።