ምክንያት የሌለው እርጅና፦ በበይነ መረብ የሚሸጡ «ጥንታዊ» ጀበናዎችን ስለ መለየት

(በሆለታ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ የተወሰደ ጽሑፍ)

 

የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በየቤታችን የሚገኝ ዕቃ ነው፤ ጀበና። በቴሌግራምና በፌስቡክ የገበያ ገጾች ላይ «የምኒልክ ዘመን ጀበና»፣ «የመቶ ዓመት ጥንታዊ ጀበና» የሚሉ ማስታወቂያዎችን አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቹ የሚያነጣጥሩት በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ ነው። አዲስ ጀበና ርካሽ ዕቃ ነው፤ «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ሲታከልበት ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን ጀበና ማስረጀት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ገበያ ወጥቶ ሸክላ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ያነሣል፣ ያሸታል፣ በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። በስልክ የሚገዛ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ተነጥሎ ፎቶግራፍና የሻጩ ቃል ብቻ ይቀርለታል፤ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ይሁንና ፎቶግራፍም ቢሆን ምን እንደሚጠየቅ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይናገራል። የገለጻዬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ በእውነት ያረጀ ዕቃ ላይ ያለ ምልክት ሁሉ ምክንያት አለው፤ በሐሰት ባረጀው ላይ ግን ምልክቱ አለ፣ ምክንያቱ የለም።

ጀበና ሲሠራ

በአገራችን ባህላዊ የሸክላ ሥራ የሚሽከረከር መሥሪያ የለም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ትለውሳለች፤ በእጇ እየሳበችና እየደራረበች ታቆመዋለች፤ ገላውን በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች፤ ከደረቀ በኋላ በሜዳ ላይ እሳት ትተኩሰዋለች። ብዙውን ጊዜ ትኩስ እንዳለ በቅጠል ወይም በጭድ ታጥነዋለች፤ ጥቁረቱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በጀበናው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ክር እኩል የተደረደሩ ክብ መስመሮች ወይም ከላይ እስከ ታች የወረደ የቅርጽ ማውጫ መጋጠሚያ ካለ፣ ዕቃው በመሽከርከሪያ ወይም በቅርጽ ማውጫ የተመረተ የዘመናችን ሥራ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛና ዋናው፣ ጥቁረት የእርጅና ምስክር አይደለም። ጀበና ጥቁር ሆኖ ነው የሚወለደው።

ጀበና ሲያገለግል

አዲስ ጀበና ወደ ቤት ሲገባ ይሟሻል፤ ከዚያም በየቀኑ ፍም ላይ ይጣዳል። በእሳት የሚነካው መቀመጫው፣ በሂደት ከጥቁረት ወደ ቀይማ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፤ ምክንያቱም ያጠቆረው ካርቦን በቀጥታ ሙቀት ይቃጠላል። ከዚያ ከፍ ብሎ በሆዱ ዙሪያ ጥቀርሻ ይይዛል። ጥቀርሻው በእንጨት ምድጃ ላይ ሲያገለግል በኖረ ጀበና ላይ ወፍራም፣ በከሰል ላይ ሲያገለግል በኖረው ላይ ስስ ይሆናል። በአንገቱና በጡቱ ውስጥ የቡና ቅሪት በንብርብር ይጠራቀማል፤ ከውስጥ ደግሞ ተደጋግሞ የፈላ ውሃ የተወው ነጣ ያለ ደለል ይጋገራል። እጀታው ዘወትር በሚያዝበት በኩል ይለሰልሳል፤ የአፉ ጠርዝ ውታፉ በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ይበላል፤ የጡቱ ጫፍ ይሸረፋል። በአጭሩ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲቀዳ የኖረበት ጀበና እጅና እሳት በነኩት ቦታ ብቻ ያረጃል። ያልነኩት ቦታ አዲስነቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል።

አስረጂው ይህን ቅደም ተከተል መከተል ይቸግረዋል። ጊዜ ለመቆጠብ ዕቃውን በሙሉ ያጨሳል፣ በዘይት ወይም በጫማ ቀለም ያሻል፣ ጭቃ ውስጥ ይቀብራል፣ በአሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ውጤቱ ሁሉን አቀፍ እርጅና ነው፤ እጅ የማይደርስበት የእጀታው ጥግ እንደ ሆዱ ይጠቁራል፤ መቀመጫው ሳይነጣ ይቀራል። የአሸዋ ወረቀት ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ፣ ጥልቀቱም የተመሳሰለ ነው፤ በጭረቱ ውስጥ ያለው ሸክላ ደግሞ ቀለሙ ያልደበዘዘ ነው።

ከሻጩ የሚጠየቁ ፎቶግራፎች

ስለዚህ ገዢው ሻጩ የመረጠለትን ውብ ፎቶግራፍ ተቀብሎ ዝም ማለት የለበትም። በቀን ብርሃን የተነሡ አምስት ፎቶግራፎችን ይጠይቅ፦ የመቀመጫውን፣ የአንገቱን ውስጥ፣ የጡቱን ጫፍ፣ እጀታው ከሆዱ ጋር የተጋጠመበትን፣ እንዲሁም ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ሙሉ ዕቃውን። ከዚህ ሌላ ጀበናውን በጣት እየቆረቆሩ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይጠይቅ፤ ጤናማ ሸክላ ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀ ወይም በሙጫ የተጠገነ ድምፁ ይታፈናል። ፎቶግራፉን በምስል መፈለጊያ ማስገባትም ይጠቅማል፤ ያው ምስል በሌላ ገጽ፣ በሌላ ሻጭ ስም፣ በሌላ «ዘመን» ሊገኝ ይችላልና።

የሻጩን ዝርዝርም እዩ። ጀበና ቶሎ የሚሰበር ዕቃ ነው፤ ለዚህም ነው በየቤቱ በየጊዜው የሚተካው። መቶ ዓመት ሙሉ አንድም ሳይሸረፍ የኖረ ጀበና ቢኖር እንኳ ብርቅ ነው። አንድ ሻጭ ጡታቸው ያልተነካ አሥር «የመቶ ዓመት» ጀበናዎችን ደርድሮ ካሳየ፣ ጥርጣሬውን ያመጣው ቁጥሩ ራሱ ነው።

ከዕቃው ጋር የሚሸጥ ታሪክ

ሐሰተኛ ቅርስ ብቻውን አይሸጥም፤ ታሪክ ይከተለዋል። እኛ ያለንባት ሆለታ ለዚህ የተመቸች ናት። የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበረባት፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶባታል። «ከሆለታ ገነት ቤተ መንግሥት የወጣ» ተብሎ የሚቀርብ ታሪክ እውነተኛ ቦታና እውነተኛ ንጉሥ ስላለበት ያሳምናል። ነገር ግን የቦታው እውነተኛነት ለዕቃው አይመሰክርም። መጠየቅ ያለበት ከቤተ መንግሥቱ እስከ ሻጩ እጅ ያለው ሰንሰለት ነው፦ ማን ወሰደው? ለማን አወረሰው? የቆየ ፎቶግራፍ ወይም የጽሑፍ ማስረጃ አለ ወይ?

ታሪኩ ከቡና ታሪክ ጋር መስማማትም አለበት። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ምእመናን ቡናን የሙስሊሞችና የኦሮሞዎች መጠጥ አድርገው ለረጅም ዘመን ሲርቁት ቆይተው፣ በሰፊው የለመዱት በዐፄ ምኒልክ ዘመን አካባቢ ነው። ስለዚህ «ከጎንደር ነገሥታት ማዕድ ቤት የወጣ የቡና ጀበና» የሚል ማስታወቂያ ገና ዕቃው ሳይታይ ብርቱ ጥያቄ ይነሣበታል። ቅርጽም ይጠየቃል፤ በኤርትራና በትግራይ የሚዘወተረው ጀበና ጡት የሌለው፣ ከአንገቱ የሚቀዳ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት የምናየው ጡት ያለው ነው። ቅርጹና የተነገረለት ስፍራ ካልተስማሙ ሻጩ ማብራራት ይኖርበታል።

ቤተ ሙከራ ይፈታዋል ወይ?

ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ ነው። ቴርሞሉሚነሰንስ የተባለው ዘዴ ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ከተተኮሰ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ይገምታል። የሺህ ዓመትን ሸክላ ከትናንቱ ለመለየት ግሩም መሣሪያ ነው፤ የሰማንያ ዓመቱን ከአርባ ዓመቱ ለመለየት ግን ደካማ ነው። ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ ጀበናም በጋለው ክፍሉ ላይ «ሰዓቱ» እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል። በጥቀርሻው ላይ የሚደረግ የራዲዮካርቦን ምርመራ ደግሞ የሚለካው የነደደውን እንጨት ዕድሜ ነው፤ በዚያም ላይ ከ1650 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት መካከል ውጤቱ ወደ ብዙ አማራጮች ይበተናል። ጀበና ሻጮች የሚጠሩት ዘመን ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ዓይን አሁንም ሥራ አለው። ዓይን የሚሠለጥነው ደግሞ በማነጻጸር ነው፤ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መጎብኘት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ሕጉና ሁለቱ ኪሳራዎች

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ ለገዢው ጠቃሚ መመርመሪያ ይሰጠዋል። ሻጩን «የመውጫ ፈቃዱን አሳየኝ» ይበለው። አንዳንድ ሻጭ ለገዢው «ቅርስ ነው» ይላል፤ በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ግን «አዲስ የእጅ ሥራ» ብሎ ይሞላል። ከሁለቱ ቃሎች አንዱ ሐሰት ነው። ጀበናው አዲስ ከሆነ ገዢው ተታሏል፤ እውነተኛ ቅርስ ከሆነና ፈቃድ ከሌለው ገዢው የአገር ሀብት በማሸሽ ተባብሯል። በሁለቱም መንገድ ከሳሪ ነው።

ሦስተኛ ከሳሪም አለች፤ ሸክላ ሠሪዋ። በዚህ ሙያ የኖሩ ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን ከመሬት ባለቤትነት ተገልለው፣ በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዛሬም በአዲስ አበባ ቀጨኔ፣ በጎንደር አጠገብ ወለቃና በሌሎችም አካባቢዎች ሴቶች በዚህ ሥራ ይተዳደራሉ። አስረጂው የእሷን ጀበና በርካሽ ገዝቶ ሲያጠቁረው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠፋው የሠራችውን ሴት ነው፤ «ጥንታዊ» የተባለ ዕቃ ሠሪዋ በሕይወት እንድትኖር አይፈቅድምና። አዲስ ጀበናን በአዲስነቱ፣ የሠሪዋን ስም ጠይቆ፣ በተገቢ ዋጋ መግዛት ከሐሰተኛ እርጅና ንግድ የሚያድን ቀላሉ መንገድ ነው።

ከተሳታፊዎች የተነሡ ሁለት ጥያቄዎች

*የገዛሁት ጀበና ቤቴ ደርሷል፤ ምን ላድርግ?*

ቡና አታፍሉበት፤ የጫማ ቀለም ወይም ሌላ ኬሚካል ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። መቀመጫው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ። ያልተቀባ ሸክላ ቀስ ብሎ ይመጥጠዋል፤ ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ጠብታው ተድቦልቡሎ ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ አሙቁትና አሽትቱት፤ የቀለምና የዘይት ሽታ በሙቀት ይወጣል። የላካችሁትንና የተቀበላችሁትን መልእክት ሁሉ አስቀምጡ።

*የአያቴ ጀበና ቤታችን አለ። እውነተኛ መሆኑን ወደፊት እንዴት ማስረዳት ይቻላል?*

አትፈግፍጉት፤ ጥቀርሻውና ቅሪቱ ምስክሮቹ ናቸው። አያትሽ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቂያቸውና ጻፊው፦ ከየትኛው ገበያ ተገዛ? በስንት ተገዛ? ማን ሠራው? መቼ ተሸረፈ? ከእሳቸው ጋር ፎቶግራፍ አንሺው፤ ቀኑንም መዝግቢ። የዕቃ ታሪክ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ወረቀት ነው።