መረቁ ለሕፃኑ፣ ሥጋው ለእንግዳው?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ በግ በታረደ ቀን ለሕፃኑ መረቁን እንሰጠዋለን። «ጥርስ የለው፣ ሥጋ ይከብደዋል» እንላለን አይደል? ግን ጥቅሙ በብዛት ያለው ሥጋው ላይ ነው!

100 ግራም የበሰለ ቀይ የበግ ሥጋ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ለደም የሚሆን ብረት፣ ለእድገት የሚሆን ዚንክም ይሰጣል። ሽሮና ምስር የሌላቸው ቫይታሚን ቢ12ም አለው፤ ይሄው 100 ግራም የአዋቂን የቀን ፍላጎት ይሸፍናል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ልጁ 6 ወር ከሞላው ሥጋውን በደንብ አብስለን፣ አድቅቀን፣ ገንፎው ውስጥ እንጨምርለት። ጨውና በርበሬው ይቅር፤ ጡቱ ግን ይቀጥል።

እኛ አዋቂዎች ደግሞ ላቱን ቀነስ እናድርግ፤ ስቡ ሲበዛ ኮሌስትሮል ይጨምራል።

ሕፃን ላለበት ቤት ሼር አድርጉ።