ማስታወቂያው ሲነገር አትውጡ

ስብከቱ አልቆ ማስታወቂያ ሲጀመር ስንቶቻችን ቦርሳችንን እናነሳለን? ለብዙዎቻችን ማስታወቂያ የመውጫ ደወል ሆኗል። ነገር ግን የሰማነው ቃል እጅና እግር የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው!

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ተመልከቱ። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ መበለቶች በዕለታዊው እርዳታ ተረሱ። ጉዳዩ በጉባኤ ፊት ተነገረ፤ 7 ሰዎችም ተመረጡ። ይኸው ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው! ማዕድ ለማገልገል ከተመረጡት አንዱ ፊልጶስ ነበር። በምዕራፍ 8 ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ወንጌልን የመሰከረውም እሱ ነው። ትንሽ የሚመስል አገልግሎት ወዴት እንደሚያደርስ አያችሁ?

ዛሬስ? በጋምቤላ ያለችውን ኤጲስቆጶሳዊት፣ ማለትም አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። ከምእመናኗ ብዙዎቹ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ በኑዌርኛና በአኙዋክኛም ይመለካል። አገልጋዮቿ የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ በቅዱስ ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በምንለው ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ1876 እንግሊዝ አገር የተጀመረው የእናቶች ኅብረትም እዚያ ሥራ ላይ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ሰባኪ ብቻ አይበቃም። አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ፊደል የሚያስቆጥር ያስፈልጋል፤ በሽተኛ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። ቋንቋው ስላልተሰማለት ብቻ የሚረሳ ሰው ዛሬም አለና።

የናንተ አጥቢያስ? በሚቀጥለው እሑድ ቁጭ በሉ፣ አድምጡ። ከሚነገረው አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ከመውጣታችሁ በፊትም ስማችሁን አስመዝግቡ።