ካስክ ኤል

ካስክ ኤል በብሪታንያ፣ በተለይም በእንግሊዝ፣ «ፐብ» በሚባሉት ነባር መጠጥ ቤቶች የሚቀዳ የቢራ ዓይነት ነው። ከሌላው ቢራ የሚለየው መፍላቱን የሚጨርሰው በጠማቂው ዘንድ ሳይሆን በመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት፣ በሚቀዳበት በርሜል ውስጥ በመሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ አንዱ ቢራ በአንድ ፐብ ግሩም ሆኖ ሳለ በጎረቤቱ ፐብ የማይጠጣ ሊሆን ይችላል።

አዘገጃጀት

ኤል የሚጠመቀው ከብቅል፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከሆፕ ነው። ሆፕ ምሬት የሚሰጥና ቢራው ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳ የአበባ ፍሬ ሲሆን፣ ሥራው ጌሾ በጠላ ውስጥ ካለው ሥራ ጋር ይመሳሰላል።

በርሜሉ ፐብ ሲደርስ ቢራው አልተጣራም፣ በሙቀትም አልታከመም፤ እርሾውም ሕያው ነው። ተጋድሞ አንድ ሁለት ቀን ሲያርፍ ትርፉ ጋዝ በላይኛው ቀዳዳ ይወጣል፣ አተላውም ይዘቅጣል። ማጥሪያው ብዙ ጊዜ ከዓሣ የአየር ከረጢት ስለሚሠራ፣ ዓሣ የማይበሉ ሰዎች አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ከዚያም አሳላፊው በእጅ ፓምፕ ስቦ ይቀዳዋል። የሚቀርበው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ «እንግሊዞች ሙቅ ቢራ ይጠጣሉ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ቢራው በተቀዳ ቁጥር በቦታው አየር ይገባል። ስለዚህ በርሜሉ ከተከፈተ በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት። የተለመደው በርሜል ፈርኪን ይባላል፤ 41 ሊትር ያህል ወይም 72 ፓይንት ይይዛል። ይህ በቀን 24 ብርጭቆ መሸጥ ማለት ሲሆን፣ ጠጪ ለሌለው የገጠር ፐብ ቀላል አይደለም።

ታሪክ

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትልልቅ ጠማቂዎች ወደተጣራ፣ ወደቀዘቀዘና በጋዝ ግፊት ወደሚቀዳ ቢራ አዘነበሉ። እንዲህ ያለው ቢራ ሳምንታት ይቆያል፣ የምድር ቤት ሙያም አይፈልግም። ካስክ ኤል ሊጠፋ ሲቃረብ አራት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1971 ካምራ የተባለውን የጠጪዎች ማኅበር መሠረቱ። የሚገርመው፣ ሐሳቡ የተጠነሰሰው በአየርላንድ ደንክዊን በሚገኝ መጠጥ ቤት ነበር። ማኅበሩ ከ1974 ጀምሮ መልካም ኤል የሚሸጡ ፐቦችን የሚጠቁም መጽሐፍ ያሳትማል።

አቀማመስ

በአንድ ምሽት የአካባቢውን ኤሎች መቅመስ የሚፈልግ ሰው ሙሉ ፓይንት (568 ሚሊ ሊትር) ማዘዝ የለበትም። ሕጉ ግማሽና ሲሶ ፓይንትም ይፈቅዳል፤ ሦስት ዓይነት በሲሶ ቢቀምስ የጠጣው አንድ ፓይንት ብቻ ነው። ከቀላሉ ወደ ጠንካራው መሄድ ይሻላል፤ ከጠንካራና ጥቁር ኤል በኋላ 3.8 በመቶ አልኮል ያለው ቀላል ኤል ውኃ ውኃ ይላል። ብዙ አሳላፊዎች ከመግዛት በፊት ጥቂት ያስቀምሳሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ኤል በርሜሉ ከተከፈተ መቆየቱን ያሳያል፤ መልሶ ሌላ መጠየቅም ነውር አይደለም።

የፓምፕ ብዛት ግን ሊያታልል ይችላል። አሥር ዓይነት ኤል ደርድሮ ጥቂት ደንበኛ ካለው ፐብ ይልቅ ሦስት ብቻ ይዞ የሚጨናነቀው የተሻለ ይቀዳል፤ በርሜሎቹ ሳያረጁ ያልቃሉና። በእያንዳንዱ ፓምፕ እጀታ ላይ የቢራው ስም፣ ጠማቂውና የአልኮል መጠኑ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ፊቱን ወደ አሳላፊው አዙሮ ከተገኘ ያ ኤል አልቋል ወይም ገና አልደረሰም ማለት ነው።