ለዕፅ ምርመራ ከፖሊስ አባላት የሚወሰድ ናሙና አያያዝ

ሐኪም የሕመምተኛው ውጤት ቢያጠራጥረው ምርመራውን ያስደግማል። ለፖሊስ አባል የሚደረግ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ግን እንጀራ ሊያሳጣ፣ ማስረጃ ሆኖም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከማን እንደተወሰደና በእነማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ያልተቋረጠ የርክክብ ሰነድ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ለፌዴራል ሠራተኞች በወጣው መመሪያ መሠረት የሽንቱ ሙቀት በ4 ደቂቃ ውስጥ ይለካል፤ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሆነ ሽንቱ ተለውጧል የሚል ጥርጣሬ ስለሚነሣ ሌላ ናሙና በተመልካች ፊት ይወሰዳል። 45 ሚሊ ሊትሩ 30 እና 15 ሆኖ በሁለት ጠርሙሶች ይከፈላል፤ ሁለቱም ሰጪው እያየ ይታሸጋሉ። ሰጪው ውጤቱን ከተቃወመ ትንሹ ጠርሙስ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላካል። በእኔ አስተያየት የሰጪው ትልቁ ዋስትና ይኸው ነው።

ፀጉር ለማጭበርበር ቢያስቸግርም የራሱ ጣጣ አለው። ኮኬይን ከሜላኒን ጋር ስለሚጣበቅ ጥቁር ፀጉር የበለጠ ይይዘዋል፤ ከውጭ ያረፈ ብናኝም በመታጠብ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። የቦስተን ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አባላቱን በፀጉር በመመርመሩ ጥቁር ፖሊሶች ከሰሱ፤ በ2014 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ምርመራው ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ላይ ጎልቶ እንደወደቀ ተቀበለ።

ኮዴይንም በሰውነት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ስለሆነም ሐኪሙ ውጤቱን ለአለቃ ከማስተላለፉ በፊት የታዘዘ መድኃኒት መኖሩን ሰጪውን ሊጠይቅ ይገባል።