ከመፍቻውም ከኳሱም ያልተለየው አምበል

ቆሼም ይሁን ቡታጅራ፣ ድሬዳዋም ይሁን አዲስ አበባ፣ ቀን ሲሠራ ውሎ አመሻሽ ላይ ኳስ የሚጫወት ሰው ብርቅ አይደለም። ጋራዥ የሚውለውም፣ ሱቅ የሚጠብቀውም፣ የሚያስተምረውም ማሊያውን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ሜዳ ይወርዳል። “ከኳስ ምን ታገኛለህ? ይልቅ ሥራህን ያዝ!” የሚለው የቤተሰብ ምክርም አይቀርለትም። ሁለቱንም ይዞ መኖር እንደሚቻል በሕይወቱ ያሳየ ሰው ቢፈለግ ግን ሉቺያኖ ቫሳሎ አለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያና እስካሁንም ለመጨረሻ ጊዜ ስትወስድ ዋንጫውን ያነሱት እጆች የመካኒክ እጆች ነበሩ።

ሉቺያኖ የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም አስመራ ውስጥ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። አባትየው ጥሎ በመሄዱ ልጁ በእናቱ እጅ አደገ። “ክልስ” እየተባለ ከሁለቱም ወገን ንቀት ቀምሷል። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ መካኒክነት ያዘ፤ በአስመራ ባቡርም ሠራ። ቀን ብረት ሲፈታ ይውላል፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ኳስ አለ። መጀመሪያ የክልስ ልጆች ቡድን በነበረው ስቴላ አስመሪና፣ በኋላም በድሬዳዋው ኮተን ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው” የሚል ነው። ልጁ ለምን ቶሎ ሥራ እንደገባ ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል?

ጥር 1954 ዓ.ም ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ የአምበሉን ጨርቅ ያሰረው ሉቺያኖ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 ከመራች በኋላ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 ስታሸንፍ ሁለቱን ጎሎች እሱ አስቆጠረ። ጥር 13 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ደግሞ ግብፅ (ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ) ሁለት ጊዜ መራች። የመጀመሪያዋን ጎል ግርማ ተክሌ መለሰ። ሁለተኛዋን ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ ሲያቻችል ስታዲየሙ ነፍስ ዘራ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨርሰውት 4 ለ 2 ሆነ።

ከዋንጫው ጀርባ ግን ሌላ ግጥሚያ ነበር። አንዳንድ ሹማምንት ዋንጫውን ክልሱ አምበል ሳይሆን ሌላ ተጫዋች እንዲቀበል ፈልገው እንደነበር፣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም በፍጹም አይሆንም ብለው እንደተከራከሩ ሲነገር ኖሯል። በመጨረሻ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው ራሱ ሉቺያኖ ነው።

በዚያ ዘመን ኳስ ስም ይሰጣል እንጂ ቤት አያቆምም። ከ100 በላይ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን እንደተሰለፈ፣ 99 ጎል እንዳስቆጠረ የሚነገርለት ሰው እንኳ ያለ ሙያው አይኖርም ነበር። ይህ ይበልጥ የታየው ደግሞ በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978፣ በደርግ ጊዜ፣ ያለውን ሁሉ ትቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን ተሰደደ። ያኔ ዕድሜው ከ40 አልፏል። ሮም ውስጥ የጎሎቹን ብዛት የሚጠይቀው አልነበረም፤ ሞተር መፍታትና መግጠም ግን የትም አገር ሥራ ነው። ከከተማዋ ጥግ፣ ባሕሩ ዳር ካለችው ኦስቲያ ጋራዥ ከፈተ።

ታዲያ ኳሱ ቀረ? አልቀረም! እዚያው ኦስቲያ ለልጆች የእግር ኳስ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ማሠልጠኑን ቀጠለ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም በ87 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ሲነሳ የኖረው በሁለቱም ነው።

ዛሬ የሊጋችን ተጫዋች በደመወዝ ይኖራል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ጉልበት ሲጎዳ፣ ኮንትራት ሲያልቅ በእጁ ምን ይቀራል? ኳሱን ተወው ማለት አይደለም፤ ሉቺያኖም አልተወውም። ነገር ግን መፍቻውንም አልጣለም።