ቆሞ ዳገት የሚወጣ ሞተር

በኬንያ ሞያሌ፣ በቦሪ አካባቢ የሚኖር ተማሪ ድንበሩን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ የሚያቀኑትን የጭነት መኪናዎች አይቶ «ሞተራቸው ይህን ሁሉ ዳገት መቻሉ አስቀድሞ በምን ይታወቃል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ብለን እንመልስለታለን?

መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሞያሌ ከባሕር ወለል በላይ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እያንዳንዱን አዲስ ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል እንዲህ ባለ መንገድ እየነዱ መፈተን ጊዜና ነዳጅ ይፈጃል። በተጨማሪም ነፋሱ፣ ሙቀቱና የሾፌሩ አነዳድ ስለሚለዋወጥ የዛሬውን ውጤት ከትናንቱ ጋር ማወዳደር ያስቸግራል። በመሆኑም መሐንዲሶች መንገዱን ወደ ቤተ ሙከራ ያመጡታል።

ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ዳይናሞሜትር ይባላል። ሞተሩ ከወለሉ ጋር ይታሰርና ዘንጉ ከመሣሪያው ጋር ይያያዛል። መሣሪያው ዘንጉን አጥብቆ ሲይዘው ለሞተሩ ዳገት ነው፤ ሲያላላለት ሜዳ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ዘንጉን ራሱ እያሽከረከረ ቁልቁለትን ያስመስላል። ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ እ.ኤ.አ. በ1821 የፈለሰፈው መሣሪያ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ የሚጠብቅ ፍሬን ነበር።

ዘንጉ ምን ያህል መያዝ እንዳለበት በስሌት ይገኛል። 20000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና፣ 100 ሜትር በተጓዘ ቁጥር 5 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ይወጣል እንበል። ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 20000 × 9.8 × 0.05 = 9800 ኒውተን ነው። ይህ በፍጥነቱ ሲባዛ 98000 ዋት ይሆናል። የነፋስና የጎማ ተቃውሞ ገና አልተጨመረም። በዘመናዊ ቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ይህን ስሌት በየቅጽበቱ እየሠራ መሣሪያውን ያዘዋል።

ይሁን እንጂ ፈተና ከተጠየቀው በላይ አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንዳንድ የቮልስዋገን የናፍጣ መኪናዎች በፈተና ላይ መሆናቸውን የሚለይ ፕሮግራም እንደተገጠመላቸው በአሜሪካ ታወቀ። በቤተ ሙከራ ደንቡን ያሟሉት መኪናዎች በመንገድ ላይ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጭስ ያወጡ ነበር።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም ይደክማል። በቆላ አየር ብቻ የተፈተነ ሞተር ስለ ደጋው የሚነግረን የለም።

መምህራን ይህን በክፍል ለማሳየት ብስክሌት ገልብጠው ያቁሙ። አንድ ተማሪ ፔዳሉን በእጁ ያሽከርክር፤ ሌላው ጣቱን ከመንኮራኩሩ ሽቦዎች እያራቀ የታጠፈ ጨርቅ በጎማው ላይ ይጫን። ፔዳል የያዘው ዳገቱ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹን «ዳገቱን የወሰነው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።